መምህርና ተማሪ በአንድ ቡድን፦ የወዳጅነት ስፖርት በአቦቦ ትምህርት ቤቶች

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት የሚያተኩረው በትምህርት ቤት መንፈስ ላይ ሲሆን፣ ይህን መንፈስ በመገንባት ረገድ የመምህራን፣ የአስተዳደር ሠራተኞችና የተማሪዎች የወዳጅነት ስፖርት ያለውን ድርሻ በጋምቤላ ክልል በአኝዋ ዞን ከምትገኘው ከአቦቦ ወረዳ አንጻር ይመረምራል። የትምህርት ቤት መንፈስ ማለት በአንድ ግቢ የሚውሉ ሰዎች፣ ማለትም ተማሪው፣ መምህሩ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋና የግቢው ጥበቃ ጭምር፣ ትምህርት ቤቱን የራሳቸው አድርገው የሚቆጥሩበት፣ ትምህርት ቤቱም እነርሱን ከራሱ ወገን እንደሚቆጥራቸው የሚያምኑበት የጋራ ስሜት ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካሮል ጉድኖው እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት ይህን ስሜት ለመለካት ሲነሡ መነሻ ያደረጉት ተማሪው በትምህርት ቤቱ ሰዎች ዘንድ ተቀባይነት፣ አክብሮትና ድጋፍ እንዳለው ምን ያህል እንደሚሰማው መጠየቅን ነበር። በዚህ መለኪያ ከታየ፣ በጠዋት ሰልፍ ላይ የሚነገር ማሳሰቢያም ሆነ በግቢው ግድግዳ ላይ በቀለም የተጻፈ ራእይና ተልእኮ ስሜቱን ሊያመጣው አይችልም፤ የሚያመጣው ሰዎቹ እርስ በርሳቸው በየዕለቱ የሚያደርጉት ነገር ነው።

አቦቦ ይህ ጉዳይ ከሌላው ቦታ ይበልጥ የሚከብድባት ወረዳ ናት። ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ፣ ወደ ፒኙዶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች ወረዳ የአኝዋ ሕዝብ ነባር መኖሪያ ስትሆን፣ በ1977 ዓ.ም. የድርቅ ዘመን በተካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም ከሰሜንና ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች የተተከሉባቸውና እስከ ዛሬ በቁጥር የሚጠሩ መንደሮች አሉባት፤ በምሥራቅ በኩል ከማጃንግ ዞን ጋር ትዋሰናለች፤ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በአልዌሮ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብና ግድቡን ተመክቶ የመጣው ሰፋፊ እርሻ ደግሞ ከሩቅ አገር ሠራተኛ ስቧል። ከዚህ የተነሣ በአንድ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሦስት ተማሪዎች በቤታቸው የሚናገሩት ቋንቋ፣ የሚበሉት ምግብና አያቶቻቸው የሚተርኩላቸው ታሪክ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም፣ ሕፃናት በታችኞቹ ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጀምረው ወደ ላይ ሲወጡ አንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ። ከመምህራኑም መካከል ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ፣ የተማሪዎቹን ቋንቋ የማይሰማ፣ ዓመት በመጣ ቁጥር የዝውውር ማመልከቻ የሚያስገባ አይጠፋም። እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ሰው ሁሉ ሥራውን በሚገባ ቢሠራ እንኳ ግቢው በየወገኑ ተከፋፍሎ ሊውል ይችላል፤ በዕረፍት ሰዓት ከአንዱ የማንጎ ዛፍ ሥር የሚሰማው ቋንቋ ከሌላው ሥር ከሚሰማው ይለያል፤ መምህራኑም በመምህራን ማረፊያ ክፍል በራቸውን ገርበብ አድርገው ሻያቸውን ይጠጣሉ።

በብዙ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚደረገው የተለመደ ሙከራ በወላጆች ቀን ወይም በትምህርት ዘመኑ መዝጊያ የሚካሄደው የመምህራንና የተማሪዎች የእግር ኳስ ግጥሚያ ነው። ግጥሚያው ደስታ እንዳለው አይካድም፤ በሰልፍ ላይ ሁልጊዜ ፊቱን አኮሳትሮ የሚታየው ምክትል ርዕሰ መምህር በቁምጣ ሜዳ ገብቶ ሲሮጥ፣ ኳስ ስቶ ሲወድቅና እየሳቀ ሲነሣ ያየ ተማሪ በሚቀጥለው ሰኞ ቢሮውን ለማንኳኳት ያንን ያህል አይፈራም። ሆኖም ይህ ዓይነቱ ግጥሚያ ሁለት ድክመቶች አሉበት። አንደኛ፣ በሜዳው መካከል የሚሰመረው መስመር በክፍል ውስጥ ቀድሞ ያለው መስመር ነው፤ መምህር በአንድ ወገን፣ ተማሪ በሌላ ወገን ሆኖ ይሰለፋል፤ ከተማሪዎቹም የሚሰለፉት ጎበዝ የሚባሉት 11 ብቻ በመሆናቸው ሌላው ሕዝብ ዳር ቆሞ ከማጨብጨብ ያለፈ ድርሻ አይኖረውም። ሁለተኛ፣ በዓመት አንድ ቀን የሆነ ነገር በዓመት አንድ ቀን ብቻ ይታወሳል። ከዚህ የባሰውም ግጥሚያው በክፍል ከክፍል ወይም በመንደር ከመንደር ሲሆንና የሠፈር ቅሬታ በኳስ ስም ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ስፖርቱ ወዳጅነትን የሚፈጥር መሆኑ ቀርቶ የነበረውን መለያየት በመለያ ልብስ ያደምቀዋል።

ውድድር ብቻውን አንድነትን እንደማይፈጥር በማኅበራዊ ሥነ ልቦና ታሪክ ውስጥ ስሙ ከሚነሣ አንድ ሙከራ መረዳት ይቻላል። በትውልድ ቱርካዊ የሆኑት ሙዛፈር ሸሪፍና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ሮበርስ ኬቭ በተባለ ሥፍራ፣ ዕድሜያቸው 11 ዓመት ገደማ የሆነና ከዚያ በፊት የማይተዋወቁ 22 ወንዶች ልጆችን ለሁለት ከፍለው በበጋ ካምፕ አሳድረዋቸው ነበር። ሁለቱ ቡድኖች ሽልማት ባለበት የኳስ ጨዋታና የገመድ ጉተታ እንዲወዳደሩ ሲደረግ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሰዳደብ፣ አንዱ የሌላውን ባንዲራ ማቃጠልና የመኝታ ክፍል መበርበር ተከተለ። ከዚያ በኋላ አብረው ፊልም እንዲያዩና በአንድ አዳራሽ እንዲመገቡ ቢደረግም ጠቡ አልበረደም፤ ምግብ መወራወር እንጂ መቀራረብ አልመጣም። ሁኔታው መለወጥ የጀመረው ለሁለቱም የሚያስፈልግና አንዱ ወገን ብቻውን ሊወጣው የማይችለው ችግር ሲገጥማቸው ነበር፤ የካምፑ ውኃ ሲቋረጥ ብልሽቱን አብረው ፈለጉ፤ ምግብ የሚያመጣው መኪና አልነሣ ሲል ደግሞ ቀድሞ እርስ በርስ የተጓተቱበትን ያንኑ ገመድ ከመኪናው ላይ አስረው በአንድነት ጎተቱት። ገመዱ አንድ ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትቱት ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ጎተቱት። የስፖርት ዝግጅት የሚያቅድ ርዕሰ መምህር ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ተራርቀው የሚውሉት ሰዎች ገመዱን ወደየት አቅጣጫ ይጎትቱታል?

በዚያው ዓመት ሌላው አሜሪካዊ ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት ስለ ጥላቻና ቅድመ ፍርድ በጻፉት መጽሐፍ፣ የተለያዩ ወገኖች መገናኘት ወደ መከባበር የሚያደርሰው አራት ነገሮች ሲሟሉ መሆኑን አስረድተዋል፤ እነርሱም በግንኙነቱ ውስጥ ሁሉም እኩል ደረጃ እንዲኖራቸው፣ የጋራ ግብ እንዲይዙ፣ ግቡን ለማግኘት እንዲተባበሩና የበላይ አካል ግንኙነቱን በግልጽ እንዲደግፈው ናቸው። በትምህርት ቤት ሕይወት ውስጥ ከአራቱ አስቸጋሪው የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም መምህርና ተማሪ በክፍል ውስጥ እኩል ሊሆኑ አይችሉም፤ እንዲሆኑም አይፈለግም። ሜዳ ግን የራሱ ሕግ ስላለው፣ የፊዚክስ መምህሩ መስመር ሲረግጥ ዳኛው እንደማንኛውም ተጫዋች ያፏጭበታል፤ በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ተማሪ ደግሞ በሜዳ ላይ ከመምህሯ የተሻለች ልትሆን ትችላለች። ይህ ጊዜያዊ እኩልነት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በገና ጨዋታ ላይ ሎሌ ከጌታው ጋር ተጋፍቶ ጥንጓን ሲመታና ጌታውን ሲያሸንፍ ጌታው መቆጣት እንደማይገባው በሕዝቡ ዘንድ የጸና ልማድ ሆኖ ኖሯል፤ ጨዋታው ሲያበቃም ማንም ማዕረጉ አይጎድልበትም ነበር። መምህር ከተማሪ ጋር ሲጫወት ይናቃል የሚለው ስጋት በየትምህርት ቤቱ የሚሰማ ቢሆንም፣ መምህርን የሚያስንቀው ሳይዘጋጅ ክፍል መግባቱና አድልዎ ማድረጉ እንጂ ኳስ ስቶ መውደቁ አለመሆኑን ተማሪዎች ራሳቸው ያውቃሉ።

ስለ ስፖርትና አብሮ መኖር ከተደረጉት የቅርብ ጊዜ ጥናቶች መካከል የሳልማ ሙሳ ጥናት ለአቦቦ ልዩ ጥቅም አለው። ተመራማሪዋ በሰሜን ኢራቅ፣ ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ካደረሰው መፈናቀል በኋላ፣ ክርስቲያኖች ብቻ የሚጫወቱባቸውና ሙስሊም ተጫዋቾች የተጨመሩባቸው የእግር ኳስ ቡድኖች በዕጣ እንዲለዩ አድርገው ውጤቱን ተከታትለዋል፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታትሟል። በተቀላቀሉ ቡድኖች ውስጥ የተጫወቱት ክርስቲያኖች በሚቀጥለው የጨዋታ ወቅት በተቀላቀለ ቡድን ለመመዝገብ የበለጠ ፈቃደኞች ሆነው ተገኝተዋል፤ ከወራት በኋላም ከሙስሊሞች ጋር ልምምድ ሲሠሩ ታይተዋል። ነገር ግን ይህ መልካም ጠባይ ከሜዳው ርቆ ወደማያውቋቸው ሰዎች፣ ለምሳሌ በሙስሊሞች ከተማ ወዳለ ምግብ ቤት ሄዶ እስከመመገብ ድረስ፣ በሚገባ አልተሻገረም። ከዚህ ውስጥ ለትምህርት ቤት ሁለት ነገር ይወጣል። ኳስ የአንድን ወረዳ ቅራኔ ሁሉ ይፈታል ብሎ መጠበቅ ከስፖርት አቅም በላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ተማሪዎችን ያታልላል። በሌላ በኩል ትምህርት ቤት ከከተማ የሚለየው በውስጡ ያሉት ሰዎች ውለው አድረው የሚተያዩ በመሆናቸው ነው፤ አብረው የሚጫወቱት ራሳቸው ነገ በአንድ ክፍል የሚቀመጡት ናቸውና፣ ስፖርቱ የሚያመጣው ለውጥ በጥናቱ ጠንካራ ሆኖ በታየበት ክልል ውስጥ ይወድቃል።

ለዚህ ዓላማ የትኛው ጨዋታ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። እግር ኳስ በጋምቤላ የሚወደድ ጨዋታ ነው፤ ኡመድ ኡኩሪንና ጋቶች ፓኖምን የመሰሉ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾችም ከዚሁ ክልል ወጥተዋል። ይሁን እንጂ እግር ኳስ ሰፊ ሜዳና ረጅም ሩጫ ስለሚጠይቅ፣ በዕድሜ የገፉ መምህራንና ኳስ ተጫውተው የማያውቁ ሴት ሠራተኞች በቀላሉ ይገለላሉ። በዚህ ረገድ ብልጫ ያለው መረብ ኳስ ነው። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ ሆልዮክ ከተማ የፈጠረው የሰውነት ማጎልመሻ መሪ ዊልያም ሞርጋን ሲሆን፣ ያነሣሣውም ከአራት ዓመት በፊት ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ መምህር ለተማሪዎቹ የፈጠረው ቅርጫት ኳስ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ሩጫና ግፊያ የበዛበት ሆኖ መታየቱ ነበር። መረብ ኳስ እንግዲህ ከመነሻው ወጣትና ጎልማሳ ሳይጎዳዱ እንዲጫወቱት የታሰበ ነው። ሜዳው 18 ሜትር በ9 ሜትር ብቻ በመሆኑ ሰፊ ግቢ የሌለው ትምህርት ቤት እንኳ ቦታ አያጣለትም፤ ሁለት ቀጥ ያለ እንጨት፣ አንድ መረብና አንድ ኳስ ይበቃዋል፤ በኖራ መስመር ማስመር ካልተቻለ ዐመድ ያገለግላል።

ከቦታው ይበልጥ ትልቁ ጥቅም ያለው ግን በሕጉ ውስጥ ነው። በአንድ ወገን የሚሰለፉት 6 ተጫዋቾች ኳሱን ቢበዛ በሦስት ምት ወደ ተቃራኒው ወገን መመለስ አለባቸው፤ አንድ ተጫዋች ደግሞ ኳሱን ሁለት ጊዜ በተከታታይ መንካት አይፈቀድለትም። ስለዚህ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ብቻውን ይዞ የሚሮጥ፣ ለማንም ሳያቀብል የሚያገባ ተጫዋች በመረብ ኳስ ሊኖር አይችልም። ከተቃራኒው ወገን በኃይል የመጣውን ሰርቭ የሒሳብ መምህሩ ጉልበቱን አጥፎ፣ ሁለት ክንዱን አጋጥሞ ሲቀበለውና ኳሱ ወደ ላይ ሲነጥር፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ ከሥሩ ደርሳ በጣቶቿ ጫፍ ወደ መረቡ ዳር ከፍ ታደርግለታለች፤ የግቢው ጥበቃ ደግሞ ከኋላ ተንደርድሮ ዘሎ ይመታዋል። ነጥቧ የሦስቱም ናት። ሰርቭ የመምታት መብቱ ከተቃራኒው ወገን በተቀማ ቁጥርም ተጫዋቾቹ በሰዓት አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ እየተሸጋገሩ ስለሚዞሩ፣ ፊት ቆሞ ለመምታት የሚፈልገው ጉልበተኛ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከኋላ ተደብቃ መቆየት የምትፈልገው ዓይን አፋር ደግሞ ተራዋ ደርሶ ኳሱን ይዛ ከመስመሩ ጀርባ ብቻዋን ትቆማለች። ሁሉም ዓይን በእርሷ ላይ ሲያርፍ የቡድኗ ሰዎች ስሟን እየጠሩ ያበረታቷታል፤ በዚህም ሰዓት ምናልባት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ የተማሪዋን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ትማረዋለች። ለወንዶች ይፋዊ ውድድር የተወሰነው የመረብ ቁመት 2.43 ሜትር፣ ለሴቶች ደግሞ 2.24 ሜትር ሲሆን፣ ለተቀላቀለ የትምህርት ቤት ቡድን የሴቶቹን ቁመት መያዝ ወይም ከዚያም ዝቅ ማድረግ ይገባል።

እግር ኳስም ቢሆን ሕጉ በጥቂቱ ሲሻሻል ለዚሁ ዓላማ ይውላል። በኮሎምቢያዋ ሜዴሊን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወሮበላ ቡድኖች ይጋደሉ በነበሩበት ጊዜ የተጀመረው የኳስ ለሰላም ፕሮግራም ወንዶችና ሴቶች በአንድ ቡድን እንዲሰለፉና የመጀመሪያዋን ጎል ሴት ተጫዋች እንድታገባ የሚያስገድድ ሕግ ነበረው፤ ሴት ካላገባች የወንዶቹ ጎል አይቆጠርም ነበርና ወንዶቹ ለሴቶቹ ማቀበልን በግድ ተማሩ። በአቦቦም ቡድኖች በጠባብ ሜዳ አምስት ለአምስት ሆነው እንዲጫወቱ፣ ጎል የሚቆጠረውም ኳሱ ቀድሞ ቢያንስ የአንድ ሠራተኛንና የአንዲት ሴት ተማሪን እግር ካገኘ ብቻ እንዲሆን ቢደነገግ፣ ጨዋታው ፍጥነቱ ቢቀንስም ሰው አይተርፍበትም።

የቡድን አደላደል የዚህ ሁሉ ሥራ ማዕከል ነው፤ አደላደሉ ከተበላሸ ኳሱና መለያው ቢያምር ዋጋ የለውም። በእንግሊዝ አገር የቆየ ልማድ አለ፤ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከታችኛው እስከ ላይኛው ክፍል ተቀላቅለው፣ ኃላፊ መምህር ተመድቦላቸው፣ «ቤት» በሚባሉ ጥቂት ምድቦች ይደለደላሉ፤ ተማሪው ከገባበት ዓመት እስከሚወጣበት በዚያው ምድብ ይቆያል። ይህ ልማድ ለአቦቦ እንዲስማማ ሆኖ ሊወሰድ ይችላል። የትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ በአራት ምድብ ይከፈል፤ ምድቦቹም የብሔር፣ የመንደር ወይም የታላቅ ሰው ስም ሳይሰጣቸው ክልሉን በሚያጠጡት በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች ይሰየሙ፤ አራቱም ወንዞች በመጨረሻ ውኃቸውን ለሶባት የሚያስረክቡ ናቸውና ማንም ከማንም አይበልጥም። ድልድሉ በዕጣ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ተራ ዕጣ በአጋጣሚ የአንድ ወገን ልጆችን አንድ ላይ ሊያከማች ይችላልና፣ የየክፍሉ ወንዶች ስም በአንድ ሳጥን፣ የሴቶቹ በሌላ፣ የመምህራኑ በሦስተኛ፣ የአስተዳደር ሠራተኞቹ በአራተኛ ሳጥን ተደርጎ፣ ከእያንዳንዱ ሳጥን በተራ ለየምድቡ እየወጣ መሰጠት አለበት። የክፍል ኃላፊ መምህራን ውጤቱን ተመልክተው ከአንድ መንደር የመጡ ልጆች በአንድ ምድብ መከማቸታቸውን ካዩ፣ የሁለት ወይም የሦስት ተማሪዎችን ቦታ መለዋወጥ ይችላሉ። ዕጣው በሰልፍ ላይ፣ ሁሉም እያየ፣ በተማሪዎች እጅ መውጣቱ ግን ግዴታ ነው፤ በቢሮ ውስጥ ተዘጋጅቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ድልድል የቱንም ያህል ቅን ቢሆን መጠርጠሩ አይቀርም።

የአቦቦ አየር ጠባይ ለጨዋታው የራሱን የቀን መቁጠሪያ ያወጣል። የጋምቤላ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ቆላ ሲሆን፣ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ ያደርገዋል። ስለዚህ ለጨዋታ የሚመቸው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሲሆን፣ በየሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ሁለት አጫጭር ጨዋታዎች ቢደረጉ፣ የወባ ትንኝ መናከስ ከምትጀምርበት ከምሽቱ በፊት ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። የሚጠጣ ውኃ ሳይቀርብ ጨዋታ መጀመር አይገባም፤ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ተጫዋች ወዲያውኑ ወደ ጥላ ወጥቶ ሰውነቱ በውኃ መቀዝቀዝ ይኖርበታል፤ ይህን የሚከታተል ሰው አስቀድሞ ይመደብ። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል፤ በአቦቦ ግን ይህ ምክር ከሰዓቱና ከጥላው ጋር መታረቅ አለበት።

ስለ ሴት ተማሪዎች የሚነሣው ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ አይደለም። ሴት ልጅ ከትምህርት በኋላ ውኃ እንድትቀዳ፣ ማገዶ እንድትለቅምና ታናናሾቿን እንድትይዝ በሚጠበቅባት ቤት፣ «ኳስ ልጫወት ነው የቆየሁት» የሚል መልስ ተቀባይነት አያገኝም። ስለዚህ የሴቶች ተሳትፎ የሚወሰነው ከሜዳው በፊት በወላጆች ስብሰባ ላይ ነው፤ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት፣ ማለትም ወመተህ የሚባለው አካል፣ የጨዋታውን ቀንና ሰዓት ለእናቶችና ለአባቶች በሚሰሙት ቋንቋ አስረድቶ፣ ልጃቸው በዚያ ቀን ስንት ሰዓት ቤት እንደምትደርስ ቁርጡን ቢነግራቸው ብዙዎች ይስማማሉ። በሜዳ ላይ ደግሞ ሴት መምህራን ካልተሰለፉ ሴት ተማሪዎች አይሰለፉም፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ሰርቭ የምትመታ የባዮሎጂ መምህርት ከመቶ ምክር ይበልጥ ታሳምናለች። ሩጫና ዝላይ ለማይችሉ ተማሪዎችም የነጥብ ያዥነት፣ የመስመር ዳኝነትና በሚኒ ሚዲያ ጨዋታውን በአማርኛና በአኝዋ ቋንቋ የማስተላለፍ ሥራ አለ፤ ዋናው ነገር ግን እነዚህ ሥራዎች ለአካል ጉዳተኞች ብቻ የተተዉ እንዳይመስሉ፣ መምህራንና ሌሎች ተማሪዎችም በተራ እንዲይዟቸው ማድረግ ነው።

በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ስፖርት ሲነሣ የሚወደሰው ብዙውን ጊዜ ያፈራው ጀግና ነው፤ ውዳሴውም ተገቢ ነው። ለአገሪቱ እግር ኳስ መሠረት የጣሉት ይድነቃቸው ተሰማ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ፤ በአርሲ በቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱም እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና የወርቅ ሜዳልያ ያገኘችውን ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። ሆኖም የበቆጂው ሥራ ከብዙዎች መካከል ፈጣኑን መምረጥ ሲሆን፣ እዚህ የሚነገርለት የወዳጅነት ስፖርት ደግሞ ዘገምተኛውን ሳይተው መያዝ ነው። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሜዳና በአንድ ሰዓት ሲደባለቁ ሁልጊዜ የሚጎዳው ሁለተኛው ነው፤ ለዞንና ለክልል ውድድር ተጫዋች የሚመለምል መምህር ምልመላውን በሌላ ቀን ያድርገው።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ የፈተና ጉዳይ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ የሚሆኑት ተፈታኞች ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ያየ ርዕሰ መምህር የከሰዓት በኋላውን ጊዜ ሁሉ ለማጠናከሪያ ትምህርት ለመስጠት ቢፈልግ አይፈረድበትም። መረብ ኳስ የሒሳብ ውጤትን ከፍ ያደርጋል ብሎ መማል ስፖርቱ ያልያዘውን ዕዳ ማሸከም ይሆናል። ነገር ግን ማጠናከሪያ ትምህርት የሚጠቅመው ለሚመጣ ተማሪ ነው፤ ያልገባውንም የሚጠይቀው መምህሩን የማይፈራ ተማሪ ነው። ከዚያም በላይ፣ በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብር ከአራቱ ዓቢይ ርእሰ ጉዳዮች አንዱ ያደረገው ምቹ የመማሪያ ሁኔታና አካባቢ መፍጠርን ስለሆነ፣ ለዚህ የሚሆን ኳስና መረብ በትምህርት ቤቱ ዕቅድ ውስጥ ቢገባ እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም። በሳምንት ሁለት ሰዓት ከአንድ የትምህርት ሳምንት ላይ የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት እንዳይባክን ግን ጨዋታው በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ ማለቅ አለበት።

ጠብ ሲነሣ ምን ይደረጋል የሚለውም አስቀድሞ መወሰን ያለበት ነው፤ በጨዋታ መካከል የተነሣ ጠብ በብሔር ስም ከተተረጎመ ከሜዳው ወጥቶ ወደ መንደር ይሄዳልና። ዳኞቹ አንድ መምህርና አንድ ተማሪ ሆነው በጥንድ ቢሠሩ፣ ጨዋታው ሲያበቃ ሁለቱ ቡድኖች መሬት ላይ አብረው ተቀምጠው ለአሥር ደቂቃ ያህል ስለ አጨዋወቱ ቢነጋገሩ፣ ለመልካም ጠባይም ከአሸናፊነት ነጥብ ጋር እኩል የሚቆጠር ነጥብ ቢሰጥ፣ ቅሬታው ሳይበስል ይወጣል። ስድብ የተናገረ መምህር ከተማሪው እኩል መቀጣቱ ከሁሉ ይልቅ ያስፈልጋል፤ ተማሪዎች የሕጉን እውነተኛነት የሚመዝኑት በዚያ ቀን ነው። ሽልማቱም ትንሽና የሚጋሩት ይሁን፤ በሸሪፍ ሙከራ የነበሩትን ልጆች ያጣላቸው አንዱ ወገን ብቻ የሚወስደው ሽልማት እንደነበር አይዘነጋም። አሸናፊው ምድብ ለሁሉም የሚበቃ ማንጎ ወይም የበቆሎ እሸት አቅርቦ አራቱም ምድቦች አብረው ቢበሉ፣ የአሸናፊነቱ ክብር ጋባዥነት ይሆናል።

ውጤቱን ማወቅ የሚፈልግ ትምህርት ቤት ውድ ጥናት አያስፈልገውም። የክፍል ኃላፊው መምህር በስም መጥሪያ መዝገቡ ላይ ከጨዋታው ወቅት በፊትና በኋላ የቀሩትን ተማሪዎች ቁጥር፣ በተለይም የጨዋታው ቀንና የማግስቱን፣ ማነጻጸር ይችላል፤ የተማሪዎች ፓርላማም ጨዋታው ሳይጀመርና ካለቀ በኋላ ለእያንዳንዱ ተማሪ ስሙን የማይጽፍበት ቁራጭ ወረቀት ሰጥቶ፣ ችግር ቢገጥመው የሚያማክረው መምህር ወይም ሠራተኛ እንዳለ፣ ከሌላ መንደር ከመጡት ተማሪዎች መካከልም በስማቸው የሚያውቃቸው ስንት እንደሆኑ ሊጠይቅ ይችላል። ከእነዚህ ጋር አንድ ጥያቄ መጨመር ይገባል፤ በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ እንደገና በዕጣ ቢደለደል ይሻላል ወይስ እያንዳንዱ የሚፈልገውን ጓደኛ መርጦ ቢጫወት? ወረቀቶቹ በሰልፍ ላይ፣ ተማሪዎች እያዩ ይቆጠሩ፤ ውጤቱም የቀጣዩ ዓመት ድልድል ከመውጣቱ በፊት በሚኒ ሚዲያ ይነገር።